ምንባቡን ሳያነቡ መመለስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር ቴሌግራም ላይ አንድ ገበያ ይደራል። «ፓሴጁን ሳታነቡ ኮምፕሪሄንሽን የምትሠሩበት ዘዴ»፣ «እንግሊዝኛን በሦስት ቀን»፣ «ጥያቄውን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ቁልፍ ቃሉን ፓሴጁ ውስጥ ፈልጉ፤ የተገኘበትን መስመር የሚመስለውን ምርጫ አጥቁሩ»። ምክሩ በነፃ ይጀምርና «ሙሉውን ለማግኘት ቪአይፒ ቻናላችንን ተቀላቀሉ» ላይ ያልቃል። ክፍያው በቴሌብር ነው።

ይህ ምክር ውሸት ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሚጎዳው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። የሚጎዳው ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር የኖረውን የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ አይደለም። እሱ ዘዴውን ቢከተልም ባይከተልም ምንባቡን አንብቦ ይረዳዋል። የሚጎዳው አምበር ያለው ልጅ ነው።

አምበርን ለማያውቅ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ ስንቅ እያመላለሰ የሚማርባት ዓይነት ከተማ። ይህ ተማሪ 12ኛ ክፍል ሲደርስ እንግሊዝኛን ከክፍል ውጭ የሚሰማበት ቦታ የለውም፤ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ካላየ በቀር። እሱን ነው እንግዲህ «ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» እያሉ የሚመክሩት።

ዘዴው ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ትምህርት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል፤ ልጁም ያመነበት ስለሠራለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦

«ድርንጉ በማለዳ ልምጭሩን ሰርንጎ ወደ ብራንጦ ወረደ።»

ድርንጉ ወዴት ወረደ? ወደ ብራንጦ። መቼ? በማለዳ። ከመውረዱ በፊት ምን አደረገ? ልምጭሩን ሰረነገ። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ነጥብ፣ መቶ ከመቶ። ድርንጉ ሰው ይሁን አህያ፣ ልምጭር የሚበላ ይሁን የሚለበስ የሚያውቅ ግን የለም፤ ቃላቱ የተፈጠሩት ለዚህ ጽሑፍ ነውና። አንድ ልጅ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በየፈተናው ሲመልሰው የኖረው የእንግሊዝኛ ጥያቄ ይህን የመሰለ ነው። መምህሩ ከምንባቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወስዳል፤ መጀመሪያው ላይ «ማን» ወይም «የት» ይጨምራል፤ ጥያቄ ይሆናል። ተማሪው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ይገለብጣል፤ መልስ ይሆናል። ማንም አላነበበም፤ ሁሉም አለፈ።

መምህሩ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ የሚታረመው ወረቀት ክምር ነው፤ ተማሪ በብዛት ከወደቀ ተጠያቂው እሱ ነው። ቀላል ጥያቄ ማውጣት ለሁሉም ይመቻል። ግን ውጤቱ ይህ ነው፦ ልጁ ሚኒስትሪን አልፎ፣ ዘጠነኛን አልፎ፣ አሥራ አንደኛን አልፎ፣ በእንግሊዝኛ ሰባና ሰማንያ የያዘ ካርድ ይዞ ወደ ማትሪክ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው።

ምን ዓይነት? ነገሩን በአማርኛ እናሳየው፤ ችግሩ የቋንቋው ብቻ እንዳልሆነም በዚያው ይታያል። ምንባቡ ይህ ነው እንበል፦

«ገበሬው ማሳውን ለባሕር ዛፍ ከለቀቀ ወዲህ በዓመት የሚያገኘው ገንዘብ ጨምሯል። ጎረቤቶቹም ይህን አይተው ተከተሉት። ይሁን እንጂ በአምስተኛው ዓመት ከማሳው ግርጌ የነበረው ምንጭ ከጥር ወዲያ ውኃ መስጠት አቆመ። እሱን መመለስ እንደ መትከሉ ቀላል አልሆነም።»

አንደኛ ጥያቄ፦ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «እሱን» የሚለው ቃል ምንን ያመለክታል? ገበሬውን፣ ገንዘቡን፣ ምንጩን ወይስ ባሕር ዛፉን? ቃል ፈላጊው ተማሪ ዓይኑ የሚያርፈው «መትከሉ» ላይ ነው፤ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉን ያጠቁራል። ተሳሳተ። የሚመለሰው ምንጩ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሮች አያይዞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል? አንዱ ምርጫ «ባሕር ዛፍ ገንዘብ ስለሚጨምር ጎረቤቶችም ቢተክሉት ይበጃቸዋል» ይላል። ሌላው «ትርፉ ቀድሞ ሲታይ ኪሣራው ዘግይቶ ደረሰ» ይላል። የመጀመሪያው ውስጥ የምንባቡ ቃላት ተደርድረዋል፦ ባሕር ዛፍ፣ ገንዘብ፣ ጎረቤቶች። ሁለተኛው ውስጥ ከምንባቡ የተወሰደ አንድም ቃል የለም፤ ትክክለኛው መልስ ግን እሱ ነው። ፈተና አውጪ ይህን የሚያደርገው አውቆ ነው። ከምንባቡ ቃል ለቅሞ የተሳሳተው ምርጫ ውስጥ መዝራት የሙያው ሀሁ ነው፤ ያነበበውን ካላነበበው የሚለየው በዚያ ነው። የቪአይፒ ቻናሉ ዘዴ፣ እንግዲህ፣ ተማሪውን በቀጥታ ወደ ወጥመዱ የሚመራ ነው። ገንዘብ አስከፍሎ።

ሰዎች ይህን ጉዳይ «የእንግሊዝኛ ችግር» ብለው ያልፉታል። የኮምፕሪሄንሽን ክፍሉ ከእንግሊዝኛ ፈተናው ጥቂት ጥያቄ ነው፤ ቢያልፍስ ምን ይሆናል ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ አማርኛ የለም። ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪክና ጂኦግራፊው በእንግሊዝኛ ነው፤ አፕቲትዩዱ ራሱ ምንባብ አለው። የአድዋን ታሪክ ከአያቱ ሰምቶ የሚያውቅ ልጅ የአድዋን ጥያቄ ሊስት ይችላል፤ ጥያቄው መጨረሻ ላይ «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ስላለች። ከአራቱ ሦስቱ ትክክል ናቸው፣ ትክክል ያልሆነውን ምረጥ ነው የሚለው፤ ልጁ ግን የመጀመሪያውን እውነት እንዳየ ያጠቁራል። ይህ የታሪክ እውቀት ማነስ ነው? ኮምፕሪሄንሽን የፈተናው አንድ ክፍል አይደለም፤ ፈተናው ሁሉ ኮምፕሪሄንሽን ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ በተሰጠበት በ2014፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። በ2017፣ 8.4 በመቶ። ከፍ ብሏል ተብሎ በተደሰቱበት ዓመት እንኳ ከመቶ ዘጠና አንዱ ግማሹን አላመጡም። ትምህርት ሚኒስቴር ይህን የኩረጃ መጋለጥ አድርጎ ነው ያቀረበው፤ ልክም ነው፣ ኩረጃ ነበር። በ2008 ግንቦት 22 ፈተናው በተጀመረበት ዕለት ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጣውና ፈተናውን በሙሉ ያሰረዘው የእንግሊዝኛው ወረቀት እንደነበር የሚረሳ የለም። ግን ኩረጃውን ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ለምን መኮረጅ እንዳስፈለገው መጠየቅ ሌላ ነው። ያልገባውን ቋንቋ ፊቱ አስቀምጠው ሁለት ሰዓት የሰጡት ልጅ ከጎኑ ካለው ቢገለብጥ ምን ይደንቃል? ከፈተናው ክፍል ኩረጃው ወጣ፤ ያልገባው ቋንቋ ግን እዚያው ቀረ።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው። ቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው። ሞጣም፣ ደብረ ወርቅም፣ ደብረ ኤልያስም በትምህርት ቤትነታቸው የታወቁ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው ብዙ ዓመት በፊት የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተማሩት በእነዚሁ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዛሬ ሚኒስቴሩ የዘነጋውን አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፦ ማንበብና መረዳት ሁለት ነገር ናቸው።

ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ቁጥርና ውርድ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ሲደግም ግዕዙን አቀላጥፎ ያነባል፤ የሚለውን ግን አያውቅም። ማንም ያውቃል ብሎ አይዋሽም። መረዳቱ ሌላ ቤት፣ ሌላ መምህር፣ ሌላ ዓመታት አለው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግስ ይማራል፤ ቃል ማለት ነው። እርባ ቅምር ይማራል፤ ቃል እንዴት እንደሚረባ ማለት ነው። ከዚያ አገባብ ይማራል። አገባብ የሚባለው «እስመ»ን፣ «ባሕቱ»ን የመሳሰሉ፣ ራሳቸው ትንንሽ ሆነው የዓረፍተ ነገሩን መንገድ የሚያዞሩ ቃላት ትምህርት ነው። «ባሕቱ» ስትመጣ ነገሩ እንደሚዞር የቅኔ ተማሪ በእንቅልፉም ያውቃል። የእንግሊዝኛው «ሃውኤቨር» ከ«ባሕቱ» በምን ይለያል? በምንም። ከላይ ባለው የባሕር ዛፍ ምንባብ «ይሁን እንጂ» የምትለዋን ያለፈ ሰው ምንባቡን በሙሉ ገልብጦ ነው የተረዳው። ሰምና ወርቅማ ራሱ ምንድን ነው? ከተባለው ውስጥ ያልተባለውን ማውጣት። ፈተና አውጪው «ኢንፈር» የሚለው ይህንኑ ነው።

ቅኔ ቤቱን ገነት አድርጎ መሳል አይገባም። ልጁ በውሻ እየተነከሰ ቁራሽ ለምኖ የሚማርበት ቤት ነበር፤ ለሴት ልጅም በሩ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነበር። ነገሩ ናፍቆት አይደለም። የቆሎ ተማሪው ልጅ ባዕድ ቋንቋን፣ ማንም አፉን ያልፈታበትን ግዕዝን፣ እስከ መቀኘት ድረስ ሊረዳው ከቻለ የአምበር ልጅ እንግሊዝኛ ምንባብ መረዳት የማይችልበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም ነው። የጎደለው ጭንቅላት አይደለም። የጎደለው የሚያስተምር ቤት ነው።

«ቋንቋው ነው ችግሩ፤ ፈተናው በአማርኛ ይሁን» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በአማራ ክልል ልጁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ይህ ሽግግር ራሱ ግፍ ነው። ነገር ግን በ2002 በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ምን አገኘ? ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በገዛ ቋንቋቸው ከተጻፈ አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ስለ ታሪኩ አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። የዚያን ጊዜዎቹ ሁለተኛ ክፍሎች ሳይደግሙ ካለፉ በ2012 አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሱ ናቸው፤ ሁለቴ የደገሙት 3.3 በመቶዋን 2014 ያገኟታል። ጉድጓዱ የተቆፈረው እንግሊዝኛ ከመምጣቱ በፊት ነው። ፈተናውን በአማርኛ መቀየር ቃል ፈላጊውን ልጅ በአማርኛ ቃል ፈላጊ ያደርገዋል።

መንግሥት እስካሁን ምን ሞከረ? ብዙ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ፤ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በማይቆም ፍጥነት ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው ቴሌቪዥኑ አይሰማም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ጠፋ። ለመምህራን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠናም ተሰጠ። አሁን ደግሞ 50 በመቶ ካላመጡት የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለወራት ሪሜዲያል ይማራሉ፤ እንግሊዝኛም ከትምህርቶቹ አንዱ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመትን ንባብ በአንድ መንፈቅ።

የቃል ብዛቱን ነገር በቁጥር ማየት ይቻላል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እንደ አውሮፓውያን ባሳተሙት ጥናት አንድ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው የተጻፈን ምንባብ ያለ ረዳት በበቂ ሁኔታ ለመረዳት ከቃላቱ ወደ 98 በመቶ የሚሆነውን ማወቅ እንዳለበት አሳይተዋል። አራት መቶ ቃል ያለው ምንባብ ውስጥ የማይታወቀው ቃል ከስምንት ካልበለጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ «ቃሉን ካልገባህ ከዙሪያው ገምት» የሚለው ምክር ይሠራል፤ በአንድ ጨለማ ቃል ዙሪያ ሃምሳ ብርሃን ቃል አለና። ከአሥር ቃል ሦስቱን የማያውቅ ልጅ ግን ከምን ተነሥቶ ይገምታል? ዙሪያው ራሱ ጨለማ ነው። ቃል ደግሞ በዝርዝር ተሸምድዶ አይያዝም፤ ብዙ ቀላል ነገር በማንበብ ነው የሚያዘው። አምበር ያለ ልጅ በዓመት ስንት ገጽ ቀላል እንግሊዝኛ ያነባል? አዲሱ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ በእጁ ሳይገባ በፒዲኤፍ በስልክ ላይ እንዲያየው የተነገረው ልጅ ነው። ያም ከነሐሴ 2015 በኋላ ግጭቱ ሲስፋፋ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋረጠ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በክልሉ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ውጭ እንደሆነ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። እነዚህን ልጆች ከደኅናው ሰፈር ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት፣ በአንድ 50 በመቶ መመዘን ፍትሕ ነው የሚል ካለ ወጥቶ ይከራከር።

የዘዴ ሻጮቹ መልስ አላቸው። «እኛ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የምንደርስለት፤ ሦስት ሳምንት ውስጥ ማንበብ ይማር ነው የምትሉት?» ይላሉ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ቀድሞ ማየት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ምን እንደሚፈለግ አውቆ መግባት ያግዛል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ኃጢአቱ ከዚያ በኋላ ምንባቡን መዝለሉ ነው። በሦስት ሳምንትም ቢሆን ሐቀኛ ሥራ ይሠራል፦ በቀን አንድ አጭር ምንባብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ፤ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ መጽሐፉን ገልብጦ በአማርኛ «ምን አለ?» ብሎ ለጓደኛ መናገር፤ መዞሪያ ቃላቱን፣ «ሃውኤቨር»ን፣ «አንለስ»ን፣ «ኦልዞው»ን፣ «ኤክሴፕት»ን ማስመር፤ «ኢት» እና «ዘይ» በመጡ ቁጥር ወደ ኋላ ቀስት ስቦ ባለቤታቸው ላይ ማሰር፤ ለመረጡት መልስ ማስረጃ መስመሩን ብቻ ሳይሆን የተውኳቸው ሦስቱ ለምን ስህተት ሆኑ ብሎ መሟገት። ይህ ቪአይፒ ቻናል አይፈልግም፤ አንድ ጓደኛና አንድ አሮጌ ፈተና ይበቃዋል። ገንዘብ ግን አያስገኝም፤ ስለዚህ አይሸጥም።

ትምህርት ቤቱም የሚጠበቅበት አለ፤ አዲስ በጀት የማይጠይቅ። የባዮሎጂ መምህሩ በየክፍለ ጊዜው አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያስነብብ፤ «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያ ወደ ትምህርቱ ይግባ። ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገርን እንደ ነውር የሚያይ ርእሰ መምህር ካለ ነውሩ የራሱ ነው፤ ልጁ መረዳቱን የሚያረጋግጠው በሚያስብበት ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ በየፈተናው ቢያንስ ጥቂት ጥያቄ ከምንባቡ በቃል ሊገለበጥ የማይችል ያድርግ። ተማሪ ይወድቅበታል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይውደቅ፤ ለመነሣት ሦስት ዓመት አለው። ማትሪክ ላይ ሲወድቅ ግን የቀረው ዓመት የለም።

ከሁሉም በላይ ግን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው መጠየቅ ያለበት። ተፈታኙ በስልኩ የሚያየው ውጤት በየትምህርቱ አንድ ቁጥር ነው፦ እንግሊዝኛ 31። ከዚህ ቁጥር ምን ይማራል? ሰዋስው ነው የጣለው፣ ቃላት ነው፣ ወይስ ምንባቡ? የመልስ ወረቀቱ በማሽን ነው የሚታረመው፤ እያንዳንዱ ተማሪ እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብሎ እንደመለሰ መረጃው አለ። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በምንባብ ጥያቄዎች፣ ያውም በቀጥታ ከምንባቡ በሚገኙትና ከውስጡ በሚወጡት ተለይቶ፣ ስንት እንዳመጡ ለይቶ በአንድ ገጽ መላክ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ያ ገጽ አምበር ቢደርስ መምህራኑ በመስከረም ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።